ዘርና አፈር

በወላይታ አገር፥ በቢጠና ገበያ ዳር ቆሞ ከሰው ፊት ይልቅ የሰውን እግር ለጥቂት ጊዜ የተመለከተ መንገደኛ፥ በአንድ መንገድ ከመጡ፥ አንድ ዓይነት ቀይ አፈር ከረገጡ፥ ምናልባትም ከአንዲት እናት ጓሮ ከወጡ ሁለት ወንድማማቾች የአንደኛውን እግር ከጕልበቱ በታች አብጦ፥ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሮ፥ ጣቶቹም እንደ ዝንጅብል ተጣብቀው፥ የሁለተኛውን ግን አቧራ ከመልበሱ በቀር እንደ ተፈጠረ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ በባዶ እግራቸው አርሰዋል፤ ሁለቱም ከአንድ ገበታ በልተዋል፤ አፈሩም አንዱን ከአንዱ ለይቶ የሚያውቅበት ዓይን የለውም።

ይህን እብጠት አማርኛችን ዝሆኔ ይለዋል፤ በሶዶ ከተማና በአካባቢዋ ሕሙማኑን ለመርዳት ከተቋቋመው ድርጅት የተነሣ ሞሲ ፉት የሚለው የባዕድ ስምም ተለምዷል፤ ሐኪሞች ግን እግርና አቧራ የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥመው ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ይጠሩታል። በቆላ አገር በትንኝ አማካይነት ከሚተላለፈው፥ ከትል ከሚመጣው ዝሆኔ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ይህኛው ትል የለበትም፥ ትንኝ አያመጣውም፥ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ቀይ አፈር ባለበት፥ ዝናምም በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፥ ጫማ የሌለውን ገበሬ ይይዛል፤ በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጎልማሶች እንዳለባቸው ተገምቷል።

የአገር ሽማግሌዎች ይህን ነገር ሐኪሞች ከማየታቸው ብዙ ዘመን አስቀድመው አይተውታል። በአንድ ቤት የወጣ እብጠት በአክስትና በእኅት ልጅ፥ በአያትና በልጅ ልጅ እየዞረ ሲመለስ፥ ጎረቤቱ ግን በዚያው ጭቃ እየተመላለሰ ሲድን አይተው፥ የዘር በሽታ ነው ብለው ፈረዱ፤ ፍርዱም በወረቀት ያልተጻፈ ይሁን እንጂ ሲፈጸም ኖሯል፤ እግሩ ያበጠ ሰው ካለበት ቤት ልጅ መስጠትም፥ ከዚያ ቤት ልጅ መቀበልም ያስፈራልና፥ ጤነኛይቱ ልጅ ስለ አክስቷ እግር ሳታገባ የምትቀርበት ጊዜ አለ። በእኔ አስተያየት ሽማግሌዎቹ በምስክርነታቸው እውነተኞች፥ በፍርዳቸው ግን የተሳሳቱ ናቸው። ይህን ለማስረዳት ግን ዘር የምንለው ነገር ራሱ ከምን እንደ ተሠራ፥ በምን ፊደል እንደ ተጻፈ፥ ማንስ እንደሚያነበው መመርመር ግድ ይሆንብናል፤ ምርመራችንንም ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከጓሮ እንጀምራለን።

በወላይታ ቤት ጓሮ እንሰት የምትፍቅ ሴት፥ የተላጠውን የእንሰት ቅርፊት በተጋደመ ሳንቃ ላይ ዘርግታ፥ አንዱን ጫፍ በእግሯ ተረከዝ ይዛ፥ በተሰነጠቀ የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ስትገፋው፥ ነጩና እርጥቡ ሥጋ ወደ ታች ይወርዳል፥ ቃጫው ግን በእጇ ይቀራል። ከወረደው ሥጋ ተጨምቆ የወጣው ወተት የመሰለ ውኃ ሲጠልል ከሥሩ የሚገኘው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ነው፤ የቀረው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በጕድጓድ ይቀበርና በረቂቃን ሕዋሳት ሥራ ኰምጥጦ ቆጮ ይሆናል። ሴትዮዋ በዚህች አንዲት የእጅ ሥራ፥ በቤተ ሙከራ ያለ ኬሚስት ደክሞ የሚለየውን ነገር ለይታለች፤ ቡላው ከሞላ ጐደል ስታርች ነው፥ የቃጫው አብዛኛው ክፍል ደግሞ ሴሉሎስ ነው። አንደኛው ልጅ ያሳድጋል፤ ሁለተኛው ላም ያስራል።

የሚያስደንቀው ግን ሁለቱም የተሠሩት ከአንዲት ቅንጣት፥ ከግሉኮስ ስኳር መሆኑ ነው። ሕያዋን ፍጥረታት ሁሉ ሥጋቸው የታነጸባቸው ግዙፋን ሞለኪውሎች በአብዛኛው በአንድ ጥበብ የተሠሩ ናቸው፤ ይኸውም ትንንሽና ተመሳሳይ ቅንጣቶችን እንደ ዶቃ አንዱን ከአንዱ እያያዙ ረዥም ሰንሰለት ማድረግ ነው። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን እንደ ዞሩ ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ እንደ ሐረግ ይጠመዘዛል፤ በምራቃችን ያለው አሚሌዝ የተባለው ፕሮቲንም መጋጠሚያውን በቀላሉ ይፈታዋል። በሴሉሎስ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ስለሚያያዝ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፥ ከጎኑ ካሉት ሰንሰለቶችም ጋር ተጣብቆ የማይበጠስ ጅማት ይሆናል፤ ይህን መጋጠሚያ የሰው አንጀት ሊፈታው አይችልም፤ ላሚቱም ብትሆን የምትፈታው በራሷ ኀይል ሳይሆን በሆዷ ባደሩ ረቂቃን ሕዋሳት ነው። ራብና ጥጋብ፥ ገመድና ገንፎ፥ በአንድ መጋጠሚያ አቅጣጫ ተለያዩ ማለት ነው።

ወላይታን የሚያውቅ አንባቢ ቅቤውን የት ጣልከው ሳይለኝ አይቀርም፤ ቅባት ለሥጋ እጅግ አስፈላጊ፥ የሕዋስም ሁሉ መጋረጃ ቢሆንም፥ ከዶቃ ተሰክቶ የተሠራ ሰንሰለት ስላይደለ በዚህ ምዕራፍ ሥፍራ የለውም፤ በገበታ ላይ ግን ክብሩ የተጠበቀ ነው።

ስታርችና ሴሉሎስ፥ ምንም ጠቃሚ ቢሆኑ፥ የሚናገሩት ቃል የላቸውም፤ አንድ ፊደል ሺህ ጊዜ የተጻፈበት ብራና ምን ንባብ ይኖረዋል? ንባብ የሚገኘው ዶቃዎቹ ሲለያዩ ነው። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ይሰካል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ውኃን ይወዳሉ፥ አንዳንዶቹ ይሸሻሉ፥ አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ሙላት ተሸክመው ይሳሳባሉ ወይም ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ ገና ሲሰካ ጀምሮ በራሱ ላይ እየታጠፈ፥ ውኃ የሚሸሹትን ወደ ውስጥ እየሰወረ፥ አንድ የታወቀ ቅርጽ ይይዛል። የፕሮቲን ሥራው ቅርጹ ነው፤ ቅርጹም የተወሰነው በዶቃዎቹ ተራ ነው፤ አንዲት ዶቃ በሌላ ብትለወጥ አንዳንድ ጊዜ ምንም አይሆንም፥ አንዳንድ ጊዜ ግን ቁልፉ በሩን መክፈት ይሳነዋል፥ ወይም ያልታሰበ በር ይከፍታል። ይህችን ያልታሰበች በር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

የዶቃዎቹን ተራ ማን ያዛል? መልሱ የተገኘበት ሥፍራ ከምዕራፋችን ነገር ጋር የሚስማማ ነው፤ የተገኘው ከቁስል መጠቅለያ ነውና። በ1869 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ፍሪድሪሽ ሚሸር የተባለ ወጣት የስዊስ ሐኪም በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ፥ ከሐኪም ቤት የሚጣለውን መግል የጠጣ የቁስል ጨርቅ እየሰበሰበና እያጠበ፥ ከመግሉ ሕዋሳት አስኳል ውስጥ ፎስፎረስ የበዛበት፥ ከታወቁት ፕሮቲኖች ያልሆነ ነገር አወጣ፤ ኑክሊንም አለው። ዛሬ ዲኤንኤ የምንለው ይህ ነው። ትርጓሜው ግን ብዙ ዘመን ቈየ፤ በ1952 በለንደን ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ተማሪዋ ሬይመንድ ጎስሊንግ በኤክስሬይ ያነሡት ምስል የሞለኪውሉን ጠመዝማዛነት ገለጠ፥ በ1953 ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ ሙሉ ቅርጹን አስታወቁ፤ የ1962 የኖቤል ሽልማት ለእነርሱና ለሞሪስ ዊልኪንስ ሲሰጥ፥ ፍራንክሊን በ1958 ዐርፋ ነበርና ስሟ በዚያ አልተጠራም።

ዲኤንኤ ሁለት ክሮች በአንድነት የተጠማዘዙበት ነው። የእያንዳንዱ ክር ጀርባ ስኳርና ፎስፌት እየተፈራረቁ የሠሩት ሲሆን፥ ወደ ውስጥ የተዘረጉት አራት ፊደላት ናቸው፤ አዴኒን፥ ቲሚን፥ ጓኒን፥ ሳይቶሲን። አዴኒን ከቲሚን ጋር፥ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር እንጂ ከሌላ ጋር ተስማምተው አይጣመሩም፤ ስለዚህ አንዱን ክር ያነበበ ሰው ሁለተኛውን ሳያይ ሊጽፈው ይችላል። የክሩ ውፍረት ከሚሊሜትር ሚሊዮን እጅ ሁለት እጅ ያህል ነው፤ ርዝመቱ ግን በአንዲት የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ሁሉ ቢቀጣጠል ወደ 2 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ክር ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ በሚያንስ አስኳል ውስጥ የሚገባው፥ ፈታይ ክሯን በእንዝርት እንደምታጠነጥን፥ ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ እየተጠነጠነ በ46 ክሮሞሶሞች ስለሚከፋፈል ነው። ከእናት በወረስነው 3 ቢሊዮን፥ ከአባት በወረስነውም 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ይገኛሉ።

የብራና ጽሕፈት ያየ ሰው የዚህን ሥርዓት ትርጓሜ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። ቁም ጸሐፊ አብነቱን ከፊቱ ዘርግቶ ቃል በቃል ይቀዳል፤ እጁ ሲስት ፊደል ይገድፋል፥ ወይም መስመር ዘልሎ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይን ቅጂውን ከአብነቱ ጋር አስተያይቶ ያርመዋል። ሕዋስ ሊከፈል ሲል ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ይላቀቃሉ፥ ፖሊመሬዝ የተባለውም ፕሮቲን እያንዳንዱን ክር አብነት አድርጎ አዲስ አጋር ይጽፍለታል፤ ከ100,000 ፊደል አንዱን ያህል ይስታል፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የራሱን ስሕተት ይፍቃል፥ ሌሎች አራሚ ፕሮቲኖችም ከኋላው ይከተላሉና፥ በመጨረሻ የሚቀረው ግድፈት ከቢሊዮን ፊደል አንድ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ጸሐፊ በየትኛውም ደብር አልተገኘም። ቢሆንም የቀረችው አንዲት ግድፈት በአባላዘር ሕዋስ ውስጥ ከተገኘች ለልጅ፥ ከልጅም ለልጅ ልጅ አብነት ሆና ትተላለፋለች።

የከበረ መጽሐፍ ከዕቃ ቤት አይወጣም፤ ለሥራ የሚያስፈልገው ገጽ ግን ተቀድቶ ይወጣል። ከአስኳል የምትወጣው ያች ቅጂ አርኤንኤ ናት፤ በቲሚን ፈንታ ዩራሲል የሚባል ፊደል አላት፥ በስኳሯም ላይ አንዲት ኦክስጅን ትርፍ አለች። ይህች ትርፍ ኦክስጅን ቅጂዋ ራሷን በራሷ እንድትቈርጥ ስለምታደርጋት አርኤንኤ ቶሎ ትፈርሳለች፤ መፍረሷም ለጥቅም ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ትእዛዙ ሲጮኽ እንዳይኖር። ሪቦሶም የሚባለው አንባቢ ቅጂዋን ሦስት ሦስት ፊደል እየቈጠረ ያነባል፤ ከአራት ፊደላት 64 ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ይገኛሉ፥ 61ዱ አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፥ ሦስቱ ግን እንደ አራት ነጥብ ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋሉ። አንባቢው ራሱ፥ ዶቃ ከዶቃ በሚያያይዝበት እምብርቱ፥ ከአርኤንኤ የተሠራ መሆኑ ብዙ ሊቃውንትን አስደንቋል።

ዋናው መጽሐፍ ዲኤንኤ ግን ትርፍ ኦክስጅን ስለሌለችው ጽኑ ነው። ከወላይታ አጠገብ፥ በጋሞ ደጋ፥ ሞታ በተባለው ዋሻ በ2012 የተገኘው ሰው ለዚህ ምስክር ነው፤ ባይራ ብለው ሰየሙት፥ በጋሞኛ በኵር ማለት ነው። ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረው የዚህ ሰው ዲኤንኤ፥ ዋሻው ቀዝቃዛ በመሆኑ፥ በውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ካለው ጽኑ አጥንት ወጥቶ ተነበበ፤ በ2015ም ለዓለም ተገለጠ። በአፍሪካ ከተነበቡት ጥንታውያን ሰዎች ሙሉ መጽሐፉ የተገኘ የመጀመሪያው እርሱ ነው፤ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች የሚቀርቡት አሪዎች ሆኑ።

አሁን ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እንመለስ። በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፥ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ሰዎችን የብሽሽት ንፍፊት መርምሮ፥ ከአፈር የገቡ የአሉሚኒየምና የሲሊኮን ደቃቅ ቅንጣቶችን አገኘ፤ አፈሩ በቆዳ ስንጥቅ ገብቶ፥ ሊምፍ የተባለው የሰውነት ውኃ በሚመለስበት መንገድ ወደ ላይ እንደሚወጣ ተረዳ፤ በ1972 ደግሞ በሽታው በቤተ ዘመድ መመላለሱን አይቶ የዘር ነገር ሳይኖርበት አይቀርም ሲል ጻፈ። ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ በ2007 ባወጡት ጥናት፥ በሕሙማን ቤተ ሰቦች ላይ ባደረጉት ስሌት፥ በሰውና በሰው መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 63 ከመቶው ከዘር የሚመጣ መሆኑን፥ የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅትም ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ለበሽታው እንደሚቀርብ አሳዩ። ይህ ቍጥር ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል፤ የአንድ ሰው እግር 63 እጅ በዘር፥ 37 እጅ በአፈር አበጠ ማለት አይደለም፤ ሁሉም ባዶ እግሩን በሚሄድበት አገር፥ አንዱ አብጦ አንዱ የሚድንበትን ልዩነት ዘር ምን ያህል ያስረዳል ማለት እንጂ። ሁሉም ጫማ ቢያደርግ የምናስረዳው ልዩነት ራሱ ባልኖረ ነበር።

ፊደሉ የት ነው? በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በታተመው ጥናት፥ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን ከመላው መጽሐፋቸው በተመረጡ ፊደላት አነጻጸሩ፤ ያገኙትንም በ202 ቤተ ሰቦች፥ በእያንዳንዱ አባት፥ እናትና ልጅ፥ ደግመው ፈተኑት። ልዩነቱ በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ፥ ኤችኤልኤ ሁለተኛ ክፍል በተባሉት ጂኖች፥ ማለት የፕሮቲን ትእዛዝ በተጻፈባቸው የመጽሐፉ ክፍሎች፥ ሠፈር ተገኘ።

ኤችኤልኤ ከሁለት የፕሮቲን ሰንሰለት የተጋጠመ፥ በሕዋስ ገጽ ላይ የሚቆም ነገር ነው፤ ከላዩም እንደ ተዘረጋ መዳፍ ሸለቆ አለው። ሕዋሱ የዋጠውን ባዕድ ነገር ይቈራርጥና ቍራሹን በዚህ መዳፍ አስቀምጦ ለሰውነት ዘቦች፥ ለቲ ሕዋሳት፥ ያሳያል፤ እነርሱም ይህ የማን ነው ብለው ይመረምራሉ፥ ባዕድ መሆኑን ካወቁ ጦር ያስነሣሉ። የመዳፉ ሸለቆ ቅርጽ የሚወሰነው በጥቂት አሚኖ አሲዶች ነው፤ እነዚያም በጥቂት የዲኤንኤ ፊደላት። ከላይ በልብ ይያዝልኝ ያልኋት ያልታሰበች በር ይህች ናት። የሸለቆው ቅርጽ በተለየባቸው ሰዎች አፈሩ ሲገባ ዘቦቹ ከልክ በላይ ይነሣሉ፤ ጦርነቱም በሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥ ይደረግና ቧንቧዎቹ ይደፈናሉ፥ ውኃው መመለሻ አጥቶ በእግር ይቀራል፤ ጥናቱ የሚያመለክተው ይህን ነው። በሌላው ወንድም መዳፍ ግን ያ ቍራሽ ምናልባት አይቀመጥም፥ ጦርም አይነሣም።

እንግዲህ ይህችን ፊደል ክፉ ዘር እንላታለንን? የኤችኤልኤ ጂኖች ከሰው ጂኖች ሁሉ እጅግ የበዛ ልዩነት ያለባቸው ናቸው፤ የበዛውም ተሳስቶ ሳይሆን፥ ልዩ ልዩ መዳፍ ያላቸው ሰዎች ልዩ ልዩ በሽታ ስለሚይዙና ስለሚያሸንፉ ነው፤ አንዱን ደዌ የማታሳይ መዳፍ ሌላውን ታሳያለች። ጫማ ባለበት አገር ያች ፊደል በሰው ሥጋ ተጽፋ ዕድሜውን ሁሉ ሳትነበብ ትኖራለች። ሽማግሌዎቹ የሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ፊደሉን አይተው ንባቡን ረሱት፤ ፊደልን የሚያነበው አፈር ነውና፥ አፈሩ ካልገባ ንባብ የለም፤ ጤነኛይቱንም ልጅ ሳያገቡ ማስቀረት ንጹሕ ግፍ ነው።

ሕክምናው ከዚህ ሁሉ ረቂቅ ነገር አንጻር ሲታይ ተራ ይመስላል፤ ገንዳ፥ ንጹሕ ውኃ፥ ሳሙና፥ የተሰነጠቀውን ቆዳ የሚያለሰልስ ቅባት፥ ፋሻ፥ ካልሲ፥ ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመው ጥናት፥ ይህ ዕለታዊ መታጠብና ጫማ እግሩን በድንገት የሚያቃጥለውንና ገበሬውን ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ችግሩ ያበጠ እግር በገበያ ጫማ አለመግባቱ ነው፤ ስለዚህ በሶዶ ለሕሙማኑ ጫማ በልካቸው ይሰፋል፤ ከሰፊዎቹም ራሳቸው ሕሙማን የሆኑ ነበሩ። ጫማ ሰፊው ወረቀት መሬት ላይ አንጥፎ የሕመምተኛውን እግር በእርሳስ ይዞረዋል፤ ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱን፥ ከስፋቱም ይልቅ የጣቶቹን መደራረብ ይለካል፤ ከዚያ ቆዳውን ይቈርጣል። ያ ቆዳ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ጅራፍ ተገምደው የሠሩት፥ ከሦስት ዶቃ አንዷ ግላይሲን የተባለችው ትንሿ አሚኖ አሲድ የሆነችበት፤ ሌላ ዶቃ በዚያ ቦታ ቢገባ ሦስቱ ክሮች ተጠጋግተው መገመድ አይችሉም ነበርና። በፋቂ እጅ ሲለፋ በክሮቹ መካከል ሌላ ማሰሪያ ይገባና ውኃ የማያበሰብሰው ይሆናል። ሰፊው በወስፌ ይበሳዋል፥ በሰም የታሸ ክር ያሳልፍበታል፥ ክሩንም በጥርሱ ይዞ ያጠብቀዋል።